ጭስ የተፈቀደለት ደመራ

ሰፈራችን እሳት እንዲያነድ የተፈቀደለት በነሐሴ መጨረሻ ነው። ደብዳቤው ሦስት መስመር ብቻ ነበር። ወንዝ ማዶ ሰፈር ለአምስት ተከታታይ ዓመታት ከአየር ድርሻው በታች ስለተጠቀመ፣ በመጪው የመስቀል ዋዜማ ከቀኑ በአሥር ሰዓት ለአሥራ አንድ ደቂቃ እውነተኛ ደመራ ማንደድ ይችላል ይላል። የእድራችን ሊቀ መንበር አቶ ያፌት በአዳራሹ ቆመው ሲያነቡት ማንም አላጨበጨበም። ከተፈቀደው ቀጥሎ የሚመጣውን ክልከላ እየጠበቅን ነበር። አልመጣም።

ጭስ ከተከለከለ ሃያ ስድስት ዓመት ሆኖታል። በነዚህ ዓመታት መስቀልን ያከበርነው በብርሃን ደመራ ነው። ምሰሶው ተጣጥፎ በሣጥን ይመጣል፤ ሲዘረጋ ሦስት ሰው ያህል ይረዝማል። እያንዳንዱ ቤት የብርሃን ችቦውን ይዞ ይወጣና ምሰሶው ላይ ያስደግፋል። ብርቱካናማው ብርሃን ከሥር ወደ ጫፍ ይወጣል፤ ከድምፅ ማጉያው የሚንጣጣ እንጨት ድምፅ ይሰማል። ምሰሶው ወዴት እንደሚወድቅ ከሦስት ቀን በፊት ነዋሪው ድምፅ ሰጥቶ ይወስናል፤ ሁልጊዜ የሚያሸንፈው ምሥራቅ ነው። ግንባራችንን የምንቀባው አመድ በትንሽ ወረቀት ታሽጎ ለየቤቱ ይታደላል። ግራጫ ሸክላ ነው፤ ውሃ ሲነካው ወዲያው ይለቃል። ዐደይ አበባን መቁጠር እንጂ መቅጠፍ አይፈቀድም። ቁጥሩን ቀድሞ የላከ ቤት የአንድ ሳምንት ሙቅ ውሃ ይጨመርለታል።

ይህን ለወቀሳ አልጽፍም። የጭሱን ደንብ ካረቀቁት ሰባት ሰዎች አንዷ እኔ ነኝ። በዚያ ዘመን የዚህ ከተማ ልጆች ሌሊቱን ሙሉ እንዴት ያስሉ እንደነበር የሚያስታውስ ሰው ደንቡን አይሰድብም።

ከአንቀጾቹ ሁለቱ በእጄ የተጻፉ ናቸው። የመጀመሪያው፣ ማንኛውም ቤት በስሙ ከተመዘገበ ዛፍ ለበዓል እንጨት ማዋጣት ይችላል፤ የሟች አፈር ያለበት የመታሰቢያ ዛፍ ግን አይነካም ይላል። ሁለተኛው፣ ሐዘን ላይ ያለ ሰው ሐዘኑን እስኪያወጣ ድረስ በእርሱ ፈንታ እድሩ ይፈርምለታል ይላል። ሁለተኛውን የጻፍኩት እናቴን አስቤ ነው። አባቴ በሞተ በሦስተኛው ቀን የውሃ ቆጣሪ አንባቢ ድንኳን ውስጥ ገብቶ አስፈርሟታል። ሐዘንተኛ በወረቀት እንዳይቸገር ፈለግሁ።

ባለቤቴ ኢዮስያስ ረቂቁን አንብቦ «እስኪያወጣ ድረስ» የሚለውን ቃል በጣቱ መታ መታ አደረገና ቀን ቁረጭለት አለኝ። ሐዘን ቀን አይቆረጥለትም አልኩት። የድልድይ መሐንዲስ ነበር፤ ጫፉ የማይታይ ነገር አይወድም። «እንግዲህ አንዷ ግትር ዕድሜ ልኳን ሳትፈርም ትኖራለች» ብሎ ሳቀ።

ኢዮስያስ የሞተው ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት በጥቅምት ነው። ስለዚያ ብዙ አልልም። እንደ ማንኛውም ሰው ሬሳ ወደ አፈር የሚለወጥበት አፈር ቤት ገባ፤ አርባው ሲሞላ አፈሩን በሁለት ጆንያ ተረከብኩ። የተለመደው አሠራር አፈሩን ወደ መታሰቢያው ተዳፋት ወስዶ ችግኝ መትከልና ስሙን በሰሌዳ ማስጻፍ ነው። ከዚያ በኋላ እድርተኛው በየቅዳሜው ተሰብስቦ ከዛፉ ሥር ያለቅሳል፤ ሟቹን ያነሣል፤ ቆሎ ይቆረጥማል፤ የኑሮውን ወሬ አውርቶ ይመለሳል። ደግ ልማድ ነው። እኔ አልቻልኩበትም። አፈሩን ወደ ትውልድ አገሩ ወደ ደብረ ማርቆስ ልኬዋለሁ ብዬ አስመዘገብኩ። በዚያው ሳምንት ከከተማው በላይ ካለው ዳገት ላይ አንድ ተራ የዛፍ ቦታ በስሜ አወጣሁ። ሁለቱን ጆንያ ሁለት ቀን ተመላልሼ ራሴ ተሸከምኩና የጽድ ችግኝ ተከልኩበት። መዝገቡ ላይ የሰፈረው «ጽድ፣ አንድ» ብቻ ነው።

ለማንም አልተናገርኩም። ሐዘኔንም ሄጄ አላወጣሁም። ሐዘን ለማውጣት እድሩ ፊት ቀርቦ በቃኝ ማለት ያስፈልጋል። በየዓመቱ ጥቅምት ሲደርስ አስበዋለሁ፤ ጥቅምት ሲያልፍ እተወዋለሁ። ስለዚህ የውሃዬን፣ የአየሬን፣ የምርጫ ካርዴን ሁሉ የሚፈርሙልኝ አቶ ያፌት ናቸው። አንድ ቀን እንኳ አላጉረመረሙም።

ዛፉ ደረቴ በደረሰ ጊዜ ነፋስ እንዳያጎብጠው በኢዮስያስ የጫማ ክር ከድጋፍ እንጨት ጋር አሰርኩት። በአፈር ሳይንስ ሁለት ዲግሪ ያላት ሴት ክሩን በየጊዜው ማላላት ረሳች። ባየሁት ጊዜ ቅርፊቱ ክሩን ውጦት ነበር። ከላይና ከታች አብጦ መሐሉ ጎድጉዷል፤ ቀለበት የጠበበው ጣት ይመስላል። ዛፍ ቁመት የሚጨምረው ከጫፉ ስለሆነ ጠባሳው እንደነበረ ከደረቴ ትይዩ ቀረ። ቅዳሜ ቅዳሜ ዳገቱን በሚወጣው የኬብል መኪና እወጣና መዳፌን እዚያ ጉድጓድ ላይ አሳርፋለሁ። አላወራም፤ አላለቅስም። እጄ ሲደነዝዝ እመለሳለሁ። ይህ ብቻ ነበር የቀረኝ፤ ስለበቃኝ ሌላ ነገር አልጠየቅሁም።

ዘንድሮ መስከረም ሲጠባ ኬብሉ ለጥገና ቆመ። ሁለት ቅዳሜ ሳልወጣ ቀረሁ።

መስከረም አሥር ቀን አቶ ያፌት በሬን አንኳኩ። እንደ ልማዳቸው ደጃፉ ላይ ጫማ አውልቄ ካልገባሁ ብለው ተከራከሩኝ፤ እንደ ልማዴ እኔም አሸነፍኩ። ቁጭ ብለው ስለ ዝግጅቱ አጫወቱኝ። ሁለት መቶ አሥራ ሁለቱም ቤት ችቦውን ከገዛ ዛፉ ያመጣል። ፈቃዱን የሰጠው የአየር ድርሻ መሥሪያ ቤት ሦስት ተቆጣጣሪዎች ይልካል። ሰዉ ከእሳቱ ምን ያህል መራቅ እንዳለበት ስላላወቀ በኖራ መስመር ይሰመራል። ሲወጡ እንደ ወትሮው ድርሻዎ ገብቷል፣ ምንም አይቸገሩ አሉኝ። በየመስቀሉ የሚሉት ነው። ሐዘንተኛ ባዶ እጁን ከሰው መሐል እንዳይቆም እድሩ በስሜ ችቦ ያስገባልኛል። ዘንድሮ ግን ፈገግ አሉና «የዘንድሮው የሚያኮራ ነው፤ በዕለቱ ያዩታል» ብለው ጨመሩ።

አመሰግናለሁ አልኩ። ምን እንደሆነ አልጠየቅሁም። የደግ ሰው ስጦታ ሳይገለጥ ምንድን ነው ብሎ መጠየቅ እኛ ዘንድ ነውር ነው።

በዋዜማው ሄራን ልትወስደኝ መጣች። ሄራን የግድግዳ ጎረቤቴ ናት፤ ሥጋ ያለ እንስሳ በጋን የሚበቅልበት ፋብሪካ ውስጥ ትሠራለች፤ ለመስቀል ለክትፎ የሚሆነውን ለስላሳ ክፍል ለይታ ታመጣልኛለች። እሳት የተከለከለው አምስት ዓመቷ ሳለ ነው። ከጥጥ የተሠራ ነጠላ ይለበስ፣ ሌላው ይቀልጣል የሚል መመሪያ ወጥቶ ስለነበር የእናቷን አሮጌ ነጠላ ከሣጥን አውጥታ ለብሳለች። በመንገድ ላይ እሳት ሰው ያባርራል የሚባለው እውነት ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ።

«ከሮጥሽ አያገኝሽም» አልኳት።

«ይኸው፣ ደንብ አውጪዋ ራሳቸው አረጋገጡልኝ። ሰባት እርምጃ የተባልነውን እኔ ሃያ አደርገዋለሁ።»

«ሃያ እርምጃ ላይ ቆመሽ ምን ታያለሽ?»

«እርስዎን። እርስዎ ሲሸሹ እሸሻለሁ።»

አደባባዩ ሞልቶ ነበር። ሰው ችቦውን በሁለት እጁ እንደ ሕፃን አቅፎ ይዟል። ተቆጣጣሪዎቹ እያንዳንዱን ችቦ በሚዛን እያስቀመጡ፣ በእጅ በሚይዙት የመስተዋት ሰሌዳ እየመዘገቡ ያሳልፋሉ። መሐል ላይ ምሰሶው ቆሟል። ከሥሩ እስከ ጫፉ በቢጫ ወረቀት አበባ ተጠቅልሏል፤ ቀጥ ያለ ነው። ነፋሱ ወደኛ ሲዞር ሽታው መጣ። ጽድ ነው አልኩ በልቤ፤ ጥሩ መርጠዋል። ሽታው ቅዳሜን አስታወሰኝና ደስ አለኝ። ይህን መጻፍ ነበረብኝ፤ ደስ ብሎኝ ነበር።

ልክ በአሥር ሰዓት አንድ ቄስ ባርከው ችቦ አስነኩ። ደመራው ወዲያው አልያዘም። ቀጭን ነጭ ጭስ ወጣና ሕዝቡ በአንድነት አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። ከዚያ ችቦዎቹ በአንድ ጊዜ ነደዱ። ድምፁ እንደ ድምፅ ማጉያው አልነበረም፤ ያስገመግም ነበር። ሙቀቱ ፊታችን ላይ ሲያርፍ ሰዉ ፊቱን በነጠላው ሸፈነ። ብዙዎች አለቀሱ፤ ጭሱ ይሁን ሌላ ነገር አላውቅም። ሽማግሌዎች ብቻ እዮሃ እያሉ ዞሩ። ሌላው ዝም ብሎ አየ። ማጉያው ደቂቃውን ይቆጥራል፤ ሁለት፣ ሦስት።

በአራተኛው ደቂቃ የምሰሶው ወረቀት ተቃጥሎ ረገፈ። ምሰሶውን የከበቡት ችቦዎች ተንሸራተው በኔ በኩል መንገድ ከፈቱ፤ ግንዱ ታየ። ከመሬት ወገብ በሚደርስበት ላይ አብጧል። ከእብጠቱ መሐል ጎድጉዷል። እንደገና አብጧል።

መጀመሪያ ያሰብኩት ሌላም ሰው ክር ማላላት ረስቷል የሚለውን ነው። ቀጥሎ ከፍታውን በዓይኔ ለካሁ። የተቀበረውን ክፍል ደመርኩበት። ደረት ትይዩ ይሆናል። ከጉድጓዱ በታች በግራ በኩል፣ አምና ጥቅምት ራሴ የቆረጥኩት የቅርንጫፍ እግር አለ፤ ጠባሳው እንደ ጆሮ ነው። እሱም አለ።

ወደፊት ሄጄ ኖሯል። ሄራን ነጠላዬን ከኋላ ይዛ «እትዬ፣ እትዬ፣ መስመሩን አልፈዋል» ስትል እግሬን አየሁ። ኖራው ከኋላዬ ነው። ቅንድቤ ሲለበለብ ተሰማኝ። አፌን ከፈትኩ። ምን ብዬ ልጮህ ነበር? ባሌን ልበል? በመዝገቡ ያ ሰው ያለው ደብረ ማርቆስ ነው። በእጄ ጽፌዋለሁ። ማጉያው ሰባት አለ።

ሄራን ወደ ኋላ ሳበችኝ። እሳት እንደ ናፈቀኝ መስሏት ይሆናል፤ «እኔ ይሸሻሉ ስል እርስዎ ይገባሉ?» ብላ ሳቀችና ፊቴን ስታይ ሳቋን ተወች። እጄን ያዘች።

በዘጠነኛው ደቂቃ ምሰሶው ዘነበለ። ድምፅ የተሰጠው እንደ ወትሮው ለምሥራቅ ነበር፤ ሰዉም አብዛኛው በምሥራቅ በኩል ቆሞ ይጠብቃል። የት ላይ እንደሚሰበር እኔ አውቅ ነበር። ከክሩ ላይ ተሰበረ፤ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ወንዙ ወደቀ። ተቆጣጣሪዋ ወደ ሰሌዳዋ፣ ወደ ምሰሶው፣ እንደገና ወደ ሰሌዳዋ አየች። ምዕራብ ለዓመቱ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ አልነበረም። አንድ አዛውንት ብቻ፣ «እንግዲህ እሱ ወደ ፈለገበት ነው» አሉ።

በአሥራ አንደኛው ደቂቃ ተቆጣጣሪዎቹ አሸዋ ለቀቁበት።

አቶ ያፌት ማጉያውን ተቀበሉ። ድምፃቸው ይቆራረጥ ነበር። የዘንድሮው ምሰሶ በወይዘሮ ሶልያና ስም የገባ መሆኑን፣ ሰፈሩን ለዚህ ያበቃውን ደንብ የጻፉ እናት በሐዘን ቤት ተቀምጠው እንዳይረሱ እድሩ ይህን ክብር እንደ ሰጣቸው ተናገሩ። ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ቤት አጨበጨበልኝ። ከዚያ ወደኔ መጥተው እየተቻኮሉ፣ እንደ ልጅ እየተደሰቱ ነገሩኝ። ኬብሉ ስለቆመ አራት ሆነው በእግራቸው ዳገቱን ወጥተዋል። የሰፈሩን ዛፎች በሙሉ አይተዋል፤ እንዲህ ያለ ቀጥ ያለ ዛፍ በዳገቱ ላይ አልነበረም። «እንዴት ተንከባክበውታል! ሥሩ እንኳ ተኮትኩቷል» አሉኝ። «ፈቃዱን በእርስዎ ፈንታ ፈረምኩ። ጽድ፣ አንድ።»

ክፋት ፈለግሁባቸው። ፊታቸው ላይ ላብና ጥላሸት ብቻ ነበር።

በቀድሞ ዘመን በዚህ ሰፈር ምሰሶ የሰጠ ሰው ነው አመድ የሚቀባው። በወረቀት የታሸገው አመድ ከመጣ ወዲህ ልማዱ ቀርቶ ነበር፤ አዛውንቱ አስታወሱት። አመዱ በብረት ትሪ ላይ እየተገላበጠ በረድ ብሎ፣ በሸክላ ሳህን ቀረበልኝ። ሰዉ ተሰለፈ።

የአፈር ሳይንስ ሳስተምር ተማሪዎቼን በየዓመቱ የምጠይቃቸው ጥያቄ ነበር፤ እንጨት ሲነድ ምን ይሄዳል፣ ምን ይቀራል? ዛፉ ከአየር የወሰደው ወደ አየር ይመለሳል። አመድ ሆኖ የሚቀረው ከአፈር የወሰደው ነው።

ከአፈሩ የወሰደው ብቻ።

ሳህኑን ተቀበልኩ። ለምን እንደተቀበልኩ ተጠይቄ አላውቅም፤ ብጠየቅ እንዲህ እላለሁ፤ ሌላ ሰው እንዲነካው አልፈለግሁም። የመጀመሪያዋ አሮጊት ግንባሯን ዝቅ አደረገችልኝ። አውራ ጣቴን ነክሬ መስቀል አበጀሁ። ቀጥሎ ልጇ። ቀጥሎ ሚስቱ። የአንዳንዱ ግንባር ወዛም ነው፣ አመዱ ይይዛል፤ የአንዳንዱ ደረቅ ነው፣ ይረግፋል፤ የረገፈውን በመዳፌ እቀበላለሁ። ሰው ሁሉ ምርቃት ይጠብቃል፤ እኔ ለዓመቱ ያድርሳችሁ አልኩ። ሦስት መቶ ጊዜ ያህል አልኩት። ለእያንዳንዱ ጥቂት ጥቂት ሰጠሁ። እንዳያልቅ እሰስት ነበር፤ እንዲያልቅም እመኝ ነበር።

ሄራን ስትደርስ አያቃጥልም ወይ አለችኝ። ገና ይሞቃል አልኳት። አውራ ጣቴ ግንባሯ ላይ ሲያርፍ ዓይኗን ጨፈነች። «ሽታው ደስ ይላል» አለች፤ «የወረቀቱ እንዲህ አይሸትም። ዛሬ ፊቴን አልታጠብም።»

«አትታጠቢ» አልኳት።

አቶ ያፌት እንደ አስተናጋጅ መጨረሻ ቆመው ነበር። ቀባኋቸው። ሳህኑ ባዶ ሆነ። አደባባዩ ላይ ሰዉ ግንባሩን ወደ ምዕራብ፣ ወደ ፀሐይዋ አዙሮ ፎቶ ይነሣል። ወደየት ዞሬ እንደማይ ጠፋኝ። የትም ብዞር አለ።

«አቶ ያፌት፣ ሐዘኔን ማውጣት እፈልጋለሁ» አልኩ።

ሁለት እጃቸውን አጋጠሙ። «እሰይ፣ ተመስገን። ከበዓሉ በኋላ እኔ ራሴ ቤት ድረስ ወረቀቱን—»

«አሁን።»

ጥቂት አዩኝና ሰሌዳቸውን ከኪሳቸው አወጡ። መነጽሬን ስላልያዝኩ ጥያቄዎቹን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አነበቡልኝ። ስም። የሟች ስም፣ ኢዮስያስ። የሞተበት ቀን። እያንዳንዱን አዎ እያልኩ አለፍን።

«የሟች አፈር ያለበት ቦታ፣ ደብረ ማርቆስ። ያው ነው አይደል?»

«አይደለም። ያን ጊዜ ያስመዘገብኩት ልክ አልነበረም፤ ይታረም።»

«ምን ብዬ ላርመው?»

«ጽድ፣ አንድ ብለው ይጻፉ።»

መጻፍ ጀመሩ። ጽድ የሚለውን ጽፈው ጨረሱ። አንድ የሚለው ላይ ጣታቸው ቆመ። ቀና ሲሉ መጀመሪያ ያዩት ሳህኑን ነው፤ ቀጥሎ ከኋላዬ ያለውን ሕዝብ። ግራ እጃቸው ቀስ እያለ ወደ ግንባራቸው ወጣ፤ ሳይነካ፣ ሁለት ጣት ያህል ሲቀረው ቆመ። እዚያው ቀረ።

ሊፈርሙልኝ እንደማይችሉ አየሁ። ሰሌዳውን ከቀኝ እጃቸው ቀስ ብዬ ወሰድኩና ፊርማ የሚለው ቦታ ላይ አውራ ጣቴን አሳረፍኩ። ከአሥራ አንድ ዓመት ወዲህ የመጀመሪያ ፊርማዬ ነው። ሰሌዳው ተቀብያለሁ አለ። ጣቴን ሳነሣ አሻራው መስተዋቱ ላይ ግራጫ ሆኖ ቀረ።